ጥፍራቸው የጠቆረ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። ስማችንን አልጽፍም፤ ከመካከላችን አንዷ ስሟ ከስሜ አጠገብ እንዲቀመጥ አትፈልግም። የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ በዚያን ጊዜ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ የዞኑ የምርጫ አስተባባሪ ነበርኩ። ሁለተኛዋ ታላቅ እህቴ ናት፤ ከገረሴ በላይ ባለው የትውልድ መንደራችን እንሰት እየፋቀች አምስት ልጆች ያሳደገች። ሦስተኛዋ የበኩር ልጄ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሥራ ስትጠብቅ በዚያው መንደር ምርጫ ጣቢያ መዝገብ ያዥ አድርጌ ያስገባኋት እኔ ነኝ። በአባቷ ሥልጣን መግባቷን አልክድም። አራተኛው የጣቢያው ሰብሳቢ ናቸው፤ ሸማኔ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ አማርኛም ጋሞኛም የሚያውቁ ሰው።

ሌሎቹ ሴቶች ናቸው። የእነሱን ቁጥር መጨረሻ ላይ እጽፋለሁ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አስተማሪ ፊት አልተቀመጥኩም። አማርኛን ያጠናሁት ስኳርና ጨው ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። ደንብና መመሪያ ማንበብ እወድ ነበር፤ የተጻፈ ነገር የድሃ ልጅንና የባለጸጋን ልጅ አይለይም ብዬ አምን ነበርና። ልጆቼንም በዚሁ አሳደግኳቸው። ቤቴ ግድግዳ ላይ ሕግ ተለጥፎ ነበር፦ የመነሻ ሰዓት፣ የጥናት ሰዓት፣ የጸሎት ሰዓት። ያጠፋ ልጅ የተላለፈውን ሕግ ቁጥር ጠርቶ ይቀጣ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ልጆቼ ከእኔ የተማሩት እውነትን ሳይሆን ቁጥሩን ነው።

ከዚያ በፊት በተደረገው ምርጫ አንዳንድ ሰው ሁለት ጊዜ መርጧል የሚል ሐሜት ነበር። መራጭ ድምፁን ከሰጠ በኋላ የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ የማይለቅ ጥቁር ቀለም ይደረግበታል። እኔ ለአስመራጮች ሥልጠና ስሰጥ ከላይ በመጣው መመሪያ ላይ የራሴን አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «የግራ አውራ ጣቱ የጠቆረ ሰው ሁሉ ይመለስ፤ ክርክር አይኑር።» አጭርና ግልጽ ስለሆነልኝ ኮራሁበት።

የምርጫው ቀን እሑድ ነበር። በዚያው ሳምንት ዓርብና ቅዳሜ በደጋው ያሉ ሴቶች በየመንደራቸው ደቦ ወጥተው እንሰት ሲፍቁ ሰንብተዋል። በእኛ መንደር ባሏ የሞተባት አራስ ነበረች፤ የእሷን እንሰት ሳይፍቁ የየራሳቸውን አይነኩም። እንሰት የፋቀ እጅ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው። ጭማቂው ሲነካ ውሃ ይመስላል። ሲደርቅ ይጠቁራል፤ ጥፍር ሥር ይገባል፤ በሳሙና አይለቅም፤ ሳምንት ይቆያል። እኔ ይህን አውቃለሁ። እናቴ ስታጎርሰኝ ያደግኩት በዚያ ጥፍር ነው።

ጠዋት በመኪና መጀመሪያ የደረስኩት ታችኛው ጣቢያ ነበር። እዚያ የጠቆረ ጥፍር ያላቸው ሴቶች ቆመው አገኘሁ። አስመራጮቹ ምን እናድርግ አሉኝ። መስመሯን አሳየኋቸው። ሴቶቹ ተመለሱ። ነገሩ እንሰት መሆኑ ገና መኪናዬ ውስጥ ስገባ ታውቆኛል፤ አልወረድኩም።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ የእኛ መንደር ጣቢያ ደረስኩ። እዚያም ሴቶች ከሰልፉ ወጥተው ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ልጄ ከጠረጴዛው ተነስታ ወደ መኪናው መጣችና በዝግታ፣ «አባባ፣ እንሰት ነው እኮ» አለችኝ። መዝገቡ ላይ የአንዳቸውም ፊርማ እንደሌለ፣ ሌላው ጣቢያ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ እንደሆነ፣ ሁለት ጊዜ ሊመርጡ የሚችሉበት መንገድ እንደሌለ አስረዳችኝ። የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነበር።

«እዚህ አባትሽ አይደለሁም» አልኳት። «መስመሯን አንብቢ።»

ሄዳ ተቀመጠች።

ያን ቃል ያናገረኝ ሕግ አክባሪነት አይደለም። እዚህ ባስገባቸው፣ ታችኛው ጣቢያ ጠዋት የመለስኳቸውን ሴቶች ምን እላለሁ? ሰው ልኬ ላስጠራቸው ነው? አስመራጮቹ ፊት ተሳስቻለሁ ልል ነው? ይህ ነበር የያዘኝ። ጊዜ ነበረ፤ መኪና ነበረ፤ አንድ ሰዓት አይፈጅም ነበር።

ከግራሩ ሥር እህቴ ተነሳች። ፊቴ መጥታ ቆመችና በጋሞኛ ለምን እንደተመለሱ ጠየቀችኝ። ጋሞኛ የአፍ መፍቻዬ ነው። እኔ ግን ወደ ሰብሳቢው ዞሬ በአማርኛ፣ «ጥፍሯ ስለጠቆረ መመሪያው አይፈቅድም ይበሏት» አልኩ።

ሽማግሌው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩ። ወንድምና እህት መሆናችንን ያውቃሉ፤ የሁለታችንንም የልጅነት ጋቢ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ፊታቸውን ሳይለውጡ ተረጎሙ። እሷም ፊቷን ሳትለውጥ መለሰች፤ እሳቸውም ወደ እኔ ዞረው ረጋ ብለው አደረሱኝ።

«‹ይቺን ጠይቁልኝ› ትላለች፤ ‹ቋንቋው የጠፋበት ሴቻ ነው ወይስ ዛሬ መንገድ ላይ? መንገድ ላይ ከሆነ ልጆች ልከን እናስፈልግለት።›»

ሰልፉ ሳቀ። አንዱ ገበሬ ከኋላ ሆኖ መኪናው ሥርም ይታይ አለ። ልጄ አልሳቀችም፤ መዝገቡ ላይ አጎንብሳ ቀረች። ሰልፉ ሥርዓት ይያዝ ብዬ ተቆጣሁ።

ሴቶቹ ወደ ወንዝ ወረዱ። በአመድና በአሸዋ እጃቸውን ሲያሹ መዋላቸውን በኋላ ሰማሁ። ጣቢያው ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ተመለሱ። እኔም ወደ ሌላ ጣቢያ መሄድ ሲገባኝ አልሄድኩም፤ ለምን እንደቀረሁ ለራሴም አልነገርኩትም ነበር። እጃቸውን ዘረጉ። ቆዳቸው ተልጦ ቀልቷል፤ ጥፍራቸው ሥር ያለው ጥቁር ግን እንዳለ ነበር።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እህቴን ለብቻዋ ጣቢያ ከሆነው ጎጆ ጀርባ ጠራኋት፤ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በጋሞኛ አናገርኳት።

«አንቺ ግቢ» አልኳት። «ለልጅቷ እነግራታለሁ፤ ማንም አያይም።»

ቀኑን ሙሉ ለሌሎቹ ሴቶች ሁሉ ያላጠፍኳትን መስመር ለአንዷ ላጥፋት አልኩ፤ እህቴ ስለሆነች ብቻ። እሷ እጇን አየች፤ ከዚያ እኔን።

«ከነሱ ጋር ነው የፋቅኩት» አለችኝ። «የእኔ ጥፍር ከነሱ ጥፍር በምን ነጣ?»

ሻሿን አጥብቃ ወደ ሴቶቹ ሄደች፤ አብረው ዳገቱን ወጡ። ዞር ስል ልጄ ከጎጆው በር ቆማለች። ምን ያህል እንደሰማች አልጠየቅኳትም፤ ፊቷ ላይ አይቼዋለሁ።

ምሽት ላይ ቆጠራው ሲያልቅ ጥቅም ላይ ያልዋሉትን የድምፅ መስጫ ወረቀቶች ለይተን ማሰር ነበረብን። የማሠሪያ ላስቲክ አልቆ ነበርና ሰብሳቢው በቃጫ አሰሩት፤ ከዚያው እንሰት በወጣ ቃጫ። እኔ ሪፖርቱ ላይ «ምርጫው ያለ አንዳች እንከን ተጠናቋል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። አሸናፊው በብዙ ድምፅ ስለበለጠ የተመለሱት ሴቶች ቢመርጡም ውጤቱ አይለወጥም ነበር። ለብዙ ዓመት በዚህ ተጽናንቻለሁ። መጽናኛ አይደለም። ማንም ያልጠየቀኝ በዚሁ ምክንያት ነው እንጂ ንጹሕ ስለሆንኩ አይደለም።

በዚያ ሪፖርት የምስጋና ደብዳቤ አገኘሁ፤ ዓመት ሳይሞላ ወደ ክልሉ ምርጫ ጽሕፈት ቤት ተዛወርኩ። እዚያ የሥልጠና ጽሑፍ አዘጋጅ ስባል ያቺን መስመር ሰርዤ «ጥርጣሬ ካለ በቅድሚያ መዝገቡ ይታይ» የሚል ተካሁ። ለዚህም ተመሰገንኩ። ከየት እንዳመጣሁት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም። የክልል ሹም ያደረገኝ ያ እሑድ ነው።

ልጆቼ ይህን ሲያነቡ ስለ ሕግ ያስተማርኳቸው ሁሉ ውሸት ነበር እንዳይሉ እፈልጋለሁ። ሕግ መልካም ነው። እኔ ግን ሕጉን የያዝኩት እንዳልሳሳት ሳይሆን መሳሳቴ እንዳይታይ ነው፤ ከዚህ ልዩነት ይጠንቀቁ።

አሁን ድምሩን ልጻፍ። ሰብሳቢው በሚቀጥለው ምርጫ ሲጠሩ ሽመና በዝቶብኛል ብለው ቀሩ። ልጄ ሌላ ሥራ ፈልጋ ገባች፤ እኔ በምመራው ምርጫ ሁሉ ግን እኔ ጣቢያው ላይ ብገኝም የመራጭነት ካርዷን ለሌላ ሰው አሳይታ ትመርጥና ትሄዳለች። እህቴ ለሰባት ዓመት አርባ ምንጭ ስትመጣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ዘመድ ቤት አደረች እንጂ የእኔን በር አልረገጠችም። ሴቶቹ ደግሞ፣ ታችኛው ጣቢያ አሥራ አራት፣ የእኛ መንደር እህቴን ጨምሮ ሠላሳ አንድ። በሁለቱም ጣቢያ ጥቅም ላይ ሳይውል በታሰረው ወረቀት ውስጥ የእነሱ የነበረው፣ በአጠቃላይ፣ አርባ አምስት ድምፅ።