ዊዳድ በመይረም ራስ ላይ ያሰረችው ሻሽ

ዊዳድ ስትለብስ ሰው ያያታል፤ እሷም እንዲያያት ነው የምትለብሰው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ ላይ ከባቡር ጣቢያው እስከ አስፋልቱ ድረስ በሰፊ ሱሪ ላይ አባያ ደርባ፣ አባያውን ራሱ ከጉልበት ላይ በመቀስ ቆርጣ፣ ከታች ነጭ ስኒከር አድርጋ ስታልፍ፣ የባጃጅ ሹፌሮቹ "ዊዱ፣ የቀረው ጨርቅ የት ገባ?" ይሏታል። አትናደድም። "ለናንተ መሀረብ አድርጌዋለሁ፣ ላብ በላብ ናችሁ!" ብላ ታልፋለች።

አባቷ ከድሩ ከወሎ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው፤ አዋሽ ገበያ ውስጥ አንድ የስፌት መኪና አለው። እናቷ ኡሙሀኒ ደግሞ የጅቡቲ መኪኖች በሚቆሙበት አስፋልት ዳር ሻይ ቤት አላት። ዊዳድ ያደገችው በሁለቱ መሀል ነው። ግማሹን ቀን ከአባቷ እግር ስር ቁርጥራጭ ጨርቅ ትለቅማለች፣ ግማሹን ቀን ለሹፌሮች ሻይ ታቀብላለች። ስለዚህ መቀስም ታውቃለች፣ ወሬም ታውቃለች።

ከዛ አዲስ አበባ ፋሽን ዲዛይን ልትማር ገባች። ምን ታደርግ መሰላችሁ፣ የክፍል ልጆች "ከየት ነሽ?" ሲሏት "ከናዝሬት ትንሽ ወጣ ብሎ" ትል ነበር። ትንሽ! ከናዝሬት አዋሽ እኮ መቶ ምናምን ኪሎሜትር ነው። በኋላ ሁለተኛ ዓመት ላይ "የአካባቢያችሁን አለባበስ ይዛችሁ ብራንድ ፍጠሩ" ሲባል ደግሞ ገለበጠችው። "እኛ አፋሮች እኮ" ማለት ጀመረች። አፋርኛዋ ወተት ለመግዛትና ሰላም ለማለት ነው የሚበቃት፤ ሰው ሲያወራ ግማሹን ትሰማለች፣ አትመልስም። ግን እዛ ክፍል ውስጥ ማን ያጣራል?

የማርኬቲንግ መምህሯ ብዙነህ አንድ ነገር ደጋግሞ ይላል፦ "ልብሱን ከመሸጣችሁ በፊት ወሬውን ሽጡ።" ይሄ ነገር ዊዳድ ልብ ውስጥ ገባ። ስልኳ ላይ ጽፋ ጠዋት ጠዋት ታነበዋለች። "ዊዳድ ከአዋሽ" የሚል ሌብል፣ ያቺን ከአንገት ኋላ የምትሰፋ ትንሽ ጨርቅ፣ በቀይ ክር አስጠልፋ አንድ ከረጢት ሙሉ ይዛ መጣች።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሰመራ ላይ ባዛር አለ ተባለ። ዊዳድ ስምንት ቀሚስ በሻንጣ ይዛ ሄደች። ያረፈችው ሰመራ አጠገብ ሎጊያ፣ ሀዋ ቤት ነው። ሀዋ አፋር ናት፤ ድሮ አዋሽ ሳለች ለኡሙሀኒ ሻይ ቤት ወተት የምታመጣው እሷ ነበረች። ልጇ መይረምና ዊዳድ ከአንድ ብርጭቆ ጠጥተው ነው ያደጉት። ሀዋ ሎጊያ ከገባች ብዙ ዓመቷ ነው፣ ግን ዊዳድን ስታይ "ልጄ መጣች" ብላ አልጋዋን ለቀቀችላት።

መይረም ለአጎቷ ልጅ ለያዮ የታሰበች ናት። አጎቷ ሁመድ፣ የሀዋ ታላቅ ወንድም፣ ዲቾቶ ነው የሚኖረው። ኒካው፣ የጋብቻ ውሉ፣ ከረመዳን በኋላ ይሁን ተባብለው ጨርሰዋል። ይሄን ዊዳድም ታውቃለች፤ ገና በገባችበት ቀን ነው የነገሯት።

በማግስቱ ጠዋት ሀዋ ገበያ ወጣች። ዊዳድ መይረምን ብርቱካናማውን ቀሚስ አልብሳ፣ ከቤቱ ጀርባ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ሜዳ ላይ አቆመቻት። ስልኳን ወደላይ አደረገች፣ ወደታች አደረገች።

"የሆነ ነገር ጎደለው" አለች።

"ምን?"

"ራስሽ ላይ። ይሄ አረንጓዴ ሻርፕ አይሄድም።"

ቤት ገብታ ስትወጣ የሀዋን ጥቁር ስስ ሻሽ ይዛለች። ከምስማሩ ላይ አውርዳው ነው። መይረም አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች።

"እሱ አይሆንም። ያገባች ናት እሱን የምታስረው።"

"አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ?"

"አዋሽ አይደል እንዴ ያደግኩት! ብርቱካኑን እንዴት እንደሚያወጣው አታዪም? አንድ ፎቶ ብቻ።"

"ሰው ካየው..."

"አቦ መይሬ! ፎቶ ነው እንጂ ኒካ አይደለም!"

መይረም ሳቀች። ስትስቅ ዊዳድ አሰረችላት። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ሳታውቅ አይደለም ያደረገችው። እያወቀች ነው።

ፎቶው ግን ወላሂ ያምራል። ጥቁሩ ድንጋይ፣ ጥቁሩ ሻሽ፣ መሀል ላይ እሳት የመሰለ ቀሚስ። ዊዳድ አላስቻላትም። ወዲያው ሎጊያ ባነር ለሚያትመው ለአብዱናሲር በቴሌግራም ላከችው፣ ከታቹም በድምጿ እንዲህ አለችው፦ "አብዱ፣ 'የአፋር ሙሽሪት በዊዳድ' በልልኝ። ሙሽሪት የሚለውን በትልቁ! ከሩቅ ይነበብ!" ቲክቶክ ላይም ያንኑ ጽፋ ለቀቀችው። መይረምን ጠየቀቻት? አልጠየቀቻትም።

ባዛሩ ሲከፈት ባነሩ ከሰው ሁለት እጥፍ ሆኖ ተሰቀለ። ዊዳድ ከጂንስ ቁርጥራጭ የሰፋችውን ጃኬት በዛ ሙቀት ለብሳ ቆማለች፤ ላቧ ይንጠፈጠፋል፣ ግን ደስታዋ! ቲክቶኩ አርባ ሺህ ሰው አይቶታል። ከሰዓት ላይ መሀመድአሚን መጣ። መሀመድአሚን የእናቷ ሻይ ቤት ደንበኛ የሆነ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ አፋር፣ ከጅቡቲ አዋሽ ሲመላለስ የኖረ። ባነሩ ስር ቆሞ ቀና አለ።

"ይቺ የሁመድ እህት ልጅ አይደለችም እንዴ? ተዳረች?"

አሁን "አይ፣ ማስታወቂያ ነው" ብትል ምን ነበረበት? ግን ሰው ተሰብስቦ እየሰማ ነው፣ የብዙነህ ነገርም ጭንቅላቷ ውስጥ አለ። ፈገግ ብላ "ሙሽራዋ አታምርም?" አለችው።

"ታምራለች፣ ማሻአላህ" አለና ወደ መኪናው ሄደ። ጉዞው ወደ ጅቡቲ ነው። መንገዱ ደግሞ በዲቾቶ ነው።

አፋር ዘንድ ዳጉ የሚባል ነገር አለ። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን፣ ዝናቡን፣ ግመሉን፣ ማን ወለደ ማን ሞተ፣ አንድ በአንድ ይነጋገራል። ውሸት አይገባበትም። ሐሰት ያቀበለ ሰው ሁለተኛ ቃሉ አይያዝም። ዊዳድ ይሄንንም ታውቃለች፤ ክፍል ውስጥ እንኳን "እኛ አፋሮች ከኢንተርኔት በፊት ኔትወርክ ነበረን" ብላ አስጨብጭባበታለች።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሁመድ ከዲቾቶ ደወለ። ሀዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ዘግታ ስትጨርስ ቁርስ አላቀረበችም። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"ወንድሜ 'ልጅሽን ለሌላ ሰጥተሽ እኔ ከመንገደኛ ልስማ?' አለኝ" አለች። "የያዮ እናት እያለቀሰች ነው። ሙሽሪት ተብሎ ተጽፏል አለኝ። የባለትዳር ሻሽ አስራለች አለኝ። መይረም፣ ምንድነው ይሄ?"

መይረም አንገቷን ደፋች። ዊዳድን አላየቻትም፣ አልጠቆመችባትም። ዊዳድ ደግሞ፣ ያቺ ወሬ የማያልቅባት ልጅ፣ ምን አለች?

"አብዱናሲር ነው እማ ሀዋ። ባነር አታሚው ነው የተሳሳተ። እኔ እንደዛ በል አላልኩትም።"

ሀዋ ጥቁር ሻሿን አስራ ወጣች። ዊዳድ በመስኮት አየቻት። ያንኑ ሻሽ ነው ያሰረችው።

ስትመለስ አብዱናሲርን ይዛው መጣች። ሰውየው ቀጭን፣ ዝምተኛ የወሎ ሰው ነው፤ እጁ ላይ ቀለም አለበት። በሩ ላይ ቆሞ "አሰላሙ አለይኩም" አለ፣ አልገባም።

"ዊዳድ እህቴ፣ እኔ ከራሴ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ስሜን አታጥፊው። ከዚህ አገር ሰው ጋር ነው የምኖረው" አለና ስልኩን ከፈተ። የዊዳድ ድምፅ ቤቱን ሞላው፣ እየሳቀ፦ "ሙሽሪት የሚለውን በትልቁ! ከሩቅ ይነበብ!"

መሬት ተከፍታ ብትውጣት! ፊቷ ጋለ፣ ጆሮዋ ጋለ። የራሷን ድምፅ እንደዛ ጠልታው አታውቅም። ሀዋ ብትጮህባት ይሻላት ነበር። ሀዋ ግን "አብዱናሲር፣ አፉ በለን፣ ይቅር በለን" ብላ ሸኘችውና ዞረች።

ዊዳድ ስልኳን አውጥታ ቲክቶኩን አጠፋችው። "ይኸው እማ ሀዋ፣ ጠፋ። ባነሩንም አሁን ሄጄ አወርደዋለሁ።"

"ጥሩ" አለች ሀዋ። "ሰው አፍ ላይ ያለውንስ በየትኛው ጣትሽ ታጠፊዋለሽ?"

ባነሩ ወረደ፣ ከዛ ሦስቱም ሚኒባስ ይዘው ዲቾቶ ሄዱ። ዊዳድ ጃኬቷን ትታ የመይረምን አሮጌ ድሪያ፣ ያንን ሰፊ የቤት ቀሚስ፣ ለብሳለች፤ ሻንጣዋ ውስጥ ያለው ልብስ ሁሉ አስፈርቷታል። መንገዱን ሙሉ ማንም አላዋራትም። መይረም አንዴ ብቻ ውሃ አቀበለቻት፣ ያም ባሰባት።

ሁመድ ጥላ ስር ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጧል። ተቆጥቶ ይነሳብናል ስትል ዊዳድ፣ ሰውየው ተረጋግቶ ዳጉ ጀመረ። ሀዋ መንገዱን ተናገረች፣ ሰመራን ተናገረች፣ ሙቀቱን፣ የታመመ ዘመድን ሁሉ። ተራው ዊዳድ ጋ ሲደርስ ሁመድ በአማርኛ ጠየቃት።

"የመይረም ወሬ አንቺ ጋ አለ አሉ። በዓይንሽ ያየሽው ነው ወይስ የሰማሽው?"

"አባ ሁመድ፣ አላየሁም። አልሰማሁምም። ያደረግኩት ነው።"

ከዛ ተናገረች። ሽማግሌዎቹ አማርኛ ስለማይሰሙ መይረም ወደ አፋርኛ እየመለሰች ነው። እኛ አፋሮች ስትል የከረመችው ልጅ በሰው አፍ! ደግሞ መይረም እየመለሰች ሳለ ዊዳድ የሰማችው ነገር አለ። ያቺ ግማሽ አፋርኛዋ በቃቻት። መይረም "ሁለታችንም ተስማምተን ያደረግነው ጨዋታ ነው" እያለች ነው።

"አይደለም!" አለች ዊዳድ። "እንደዛ አትበዪ። እሷ አይሆንም ብላኛለች። ሻሹን ከእናቷ ምስማር ላይ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ሙሽሪት ብዬ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። መሀመድአሚን ሲጠይቀኝ አላስተባበልኩም። ከዛም በሰው ላይ ዋሸሁ። መይረም አላገባችም።"

ይሄን ሁመድ ራሱ ወደ አፋርኛ መለሰው፣ ቃል በቃል። አንዱ ሽማግሌ ምላሱን ጠቅ አደረገ። ሁመድ እህቱን አያት፣ እጁን ዘረጋላት፣ ሀዋም ሳመችው። ትከሻዋ ሲወርድ ለዊዳድ ታያት። ስንት ሸክም ኖሯል!

"ልጆቹ በቀጠሯቸው ይጋባሉ" አለ ሁመድ። ከዛ ወደ ዊዳድ ዞረ። "ወሬው ግን ከኔ አልፏል። ወደ ሚሌም ወርዷል። ወደ አገርሽ በየት ነው የምትሄጂው?"

"በሚሌ፣ በገዋኔ... አዋሽ።"

"እንግዲያ መንገድሽ ነው።"

ሌላ አልጨመረም። ዊዳድ ገባት። በማግስቱ ሚሌ ላይ ምሳ ሲወረድ፣ ሹፌሮች የሞሉበት ምግብ ቤት ውስጥ ቆመች። "የሁመድ እህት ልጅ ተዳረች የተባለው ውሸት ነው፤ ያስወራሁት እኔ ነኝ" አለች። አንዱ ጉርሻውን ይዞ ሳቀ። "ምን ልታስተዋውቂ ነው ደሞ?" አለ። "ቲክቶከሯ! እስቲ ቆይ ልቅረጽሽ!" አለ ሌላው፣ ስልኩንም አወጣ። ፊቷን መሸፈን አማራት፣ ግን ፊቷን ሸፍና የምትናገረው ነገር አይደለም። ደግማ ተናገረች። ገዋኔም ላይ ተናገረች። በየቦታው ስትደርስ የፈራችው አለማመናቸውን ነበር፤ የባሰው ግን ማመናቸው ነው። "እሺ፣ ሰምተናል፣ የማን ልጅ ነሽ?" ይሏታል። "የከድሩ፣ የአዋሹ ልብስ ሰፊ" ትላለች። ከናዝሬት ትንሽ ወጣ ብሎ ማለት የለም።

አዋሽ ስትደርስ ወሬዋ ቀድሟት ነበር። ኡሙሀኒ ሻይ ቤቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

"ሀዋን? ያቺን ሴት?" አለች እናቷ። "ወተቷን ጠጥተሽ ያደግሽባትን፣ አልጋዋን የለቀቀችልሽን?"

"ተናግሬያለሁ እማዬ። መንገዱን ሙሉ ተናግሬያለሁ።"

"ሰምቻለሁ። ግቢ፣ ሰው እያየ ነው።" አብሽሪ፣ አይዞሽ አላለቻትም። ከድሩ ደግሞ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል የሌብሉን ከረጢት አየና "እሱን ከስራ ቦታዬ ላይ አንሺልኝ" አለ። ያቺን ብቻ።

ረመዳን አለፈ፣ መይረም ተዳረች። ዊዳድን አትምጪ ያላት የለም፤ ፊቷ ነው እምቢ ያላት። ከሰርጉ ሳምንት በኋላ መሀመድአሚን ከጅቡቲ ሲመለስ ሻይ ቤቱ ጋ መኪናውን አቆመ። ሰርጉ ላይ ነበር።

"ትተሽላት የመጣሽውን ብርቱካናማ ቀሚስ ነው የለበሰችው" አላት። "እናቷ ጥቁር ሻሽ በእጇ አሰረችላት። ፎቶ ግን ማንም እንዳያነሳ አለች፣ ስልክ አስቀመጡን።"

ከሸሚዝ ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ዊዳድ ስትፈታው ውስጡ ያቺ ትንሽ ጨርቅ ናት፣ የዳርና ዳሯ ስፌት በመቀስ በጥንቃቄ የተፈታ፣ ቀይ ክሩ ያልተነካ። ዊዳድ ከአዋሽ።

"'ቀሚሱን ወድጄዋለሁ፣ ይቺ ግን አንገቴን ኮሰኮሰችኝ' በላት አለችኝ መይረም" አለ መሀመድአሚን።

ዊዳድ ሌብሏን መዳፏ ላይ አስቀምጣ ቆመች። መሀመድአሚን ሻዩን ጨረሰ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ጠበቃት። በማግስቱ ወደ ጅቡቲ ይመለሳል።

"ምን ልበልልሽ?" አላት።

ወሬ አታጣም ነበር።

"ያየኸውን ንገራት" አለችው፣ ቀና ብላ ሳታየው።