እህቴ የመረጠችው

አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ስወርድ፣ ሐይቁ ገና ሳይታየኝ ሽታው ይቀበለኛል፤ እርጥብ ደንገል፣ የዓሣ ቅርፊት፣ ፀሐይ ያገኘው ጭቃ። ትናንትም እንዲሁ ሆነ። ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ ቆምኩ። እህቴ እዚያው ሣሩ ላይ፣ እግሯን ዘርግታ የተቀመጠች መሰለኝ።

በደርግ ጊዜ እሁድ እሁድ ከሰዓት እዚህ እንመጣ ነበር። የሰፈራችን ጸሎት ቤት ታሽጎ የቀበሌ መጋዘን ስለሆነ፣ እሁድ ሌላ መሄጃ አልነበረንም። እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ እኔ ገና ሰባተኛ ነኝ። ጸሎት ቤቱ ሳይዘጋ በፊት መዘምራኑን የምትመራው እሷ ነበረች። ስትዘምር መንገደኛው ሳይቀር አጥሩን ተደግፎ ይሰማት ነበር።

"ሰው መጀመሪያ ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን ይወቅ" አለችኝ አንድ እሁድ፣ ሣር እየነጨች። "ኑሮውን ከዚያ ተነስቶ ያቅድ። አለዚያ ሌላ ሰው ያቅድለታል።"

"ያንቺስ ምንድነው?"

"ድምፄ የእግዚአብሔር ነው። እጄ ደግሞ የእማዬ።"

የእጇን ነገር ለምን እንዳነሳች ገብቶኛል። እናታችን ገጠር፣ ቱላ ያለው አያቶቻችን ቤት ሳለች ምጥ ጠንቶባት፣ የሚያዋልዳት ጠፍቶ ከነልጇ ነው የሞተችው። እህቴ ደጃፉ ላይ ሆና ጩኸቷን ሰምታለች። ከዚያ ወዲያ አዋላጅ ነርስ ከመሆን ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

ማሠልጠኛ ለመግባት ደግሞ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። ሊቀመንበሩ ሲያስጠራት አባታችን አብሯት ሄደ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ሰውዬው አልተቆጣም፣ ወንበርም ጋበዛት።

"ጓዲት፣ ድምፅሽን ሰምተናል። የኪነት ቡድናችን ደህና ዘፋኝ የለውም። ለአብዮቱ በዓል ከዘፈንሽ፣ ድጋፉን እኔው ራሴ እፈርምልሻለሁ።"

"ባልዘፍንስ?"

"እንግዲህ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።"

ቤት ስንደርስ አባቴ ኮቱን እንደለበሰ ተቀመጠ። "ልጄ፣ የትኛውንም ብታደርጊ አልፈርድብሽም" አላት። ከዚያ በኋላ ቤታችን ለቅሶ የተቀመጥንበት መሰለ። እህቴ እህል አልቀምስ አለች፤ ጓዳ ገብታ ስትጸልይ ይሰማኛል። አንድ ጠዋት ፊቷን ታጥባ ወጣች።

"እዘፍናለሁ። የእማዬ ነገር ባሰብኝ" አለች።

የበዓሉ ዕለት አዳራሹ ላብና አዲስ ካኪ ጨርቅ ይሸት ነበር። እህቴ ካኪውን ለብሳ፣ አንገቷ ላይ ቀይ ሻርፕ አስራ፣ ግራ እጇን ጨብጣ ዘፈነች። እንደዚያን ቀን አምሮባት አያውቅም፤ ይህ ነው ዛሬም የሚያመኝ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። አባቴ ብቻ አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ጫፍ ያይ ነበር።

ምእመናኑ በድብቅ በየቤቱ ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር። ከበዓሉ በኋላ እህቴ እንደ ወትሮዋ ስትሄድ አንድ ሽማግሌ በር ላይ አቆሟት። "ልጄ፣ በዚያ አፍ እዚህ አይዘመርም" አሏት።

"እሺ አባባ" ብላ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ መዝሙርም ዘፈንም ከአፏ አልወጣም። ልብስ ስታጥብ እንኳ ታንጎራጉር የነበረችው ልጅ ድምፅዋ ጠፋ። ሊቀመንበሩ ቃሉን ጠበቀ፤ እሷም ሠልጥና አዋላጅ ሆነች፣ ጠይቃም ቱላ ተመደበች። ደርግ ወድቆ ጸሎት ቤቱ ሲከፈት፣ እኚያው ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፉ ቤታችን መጡ። የልጅ ልጃቸውን ያዋለደችው እሷ ናት።

"ይቅር ብለንሻል፤ ነይና ዘምሪልን" አሏት።

"አባባ፣ ሁለት ነገር እወድ ነበር" አለቻቸው፣ ወተት እየቀዳችላቸው። "አንዱን ሰጠሁ። የሰጡትን መልሶ መውሰድ ነውር ነው።"

እሁድ ከጸሎት ቤት አትቀርም ነበር። የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሌላው ሲዘምር ከንፈሯን ገጥማ ታዳምጣለች። አሁን እሷም የለችም፤ ቱላ፣ ከእናታችን ጎን ቀበርናት።

በሕይወት ሳለች አንድ ክረምት ግን ምሳዋን ይዤ የምትሠራበት ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የማዋለጃው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። አንዲት ወጣት እናት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ደክሟት እንቅልፍ ወስዷታል። ልጇ በሕይወት አልተወለደም። እህቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሕፃኑን ለብ ባለ ውሃ ታጥበዋለች፤ እንደሚያመው ሁሉ በስሱ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ። እያጠበችው ታዜምለታለች። ድምፅዋ ሻክሯል፣ አንዳንዴም ይቆረጣል፤ ግን የሷው ነበር።

ምሳውን በረንዳው ላይ አስቀምጬ ቆምኩ። ሕፃኑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ እስክትጨርስ አዜመችለት፤ ከዚያ ዝም አለች። መስማቴን አልነገርኳትም።