ቡላው ውሻና የአላርሙ ሳጥን

ያንን ሰውዬ ይቅር አላልኩትም። ይህን ከፊት የማስቀምጠው መጨረሻው ላይ ዕርቅ የሚጠብቅ እንዳይኖር ነው። ደብረ ታቦር ላይ አላርም የሚሸጥ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ "እትዬ" ሲል ከአፉ ማር ጠብ የሚል ሰው ነው። እኔ ከእናቴ ጋር የምኖር፣ ጠዋት ሥራ ገብቼ ማታ የምመለስ ሴት ነኝ። ሀብታችን አንዲት የፈረንጅ ዲቃላ ላም ነበረች። እናቴ ከጥጃነቷ ጀምራ በእጇ ነው ያሳደገቻት፤ ላሚቱም የእናቴን ኮቴ ስትሰማ ገና ሳትደርስ ከተኛችበት ትነሳላት ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ የከብት ስርቆት ሲበዛ አላርም ላስገባ አልኩና ሰውዬውን ጠራሁት። መጣ፤ ቡላው ውሻችን ግን በር ላይ አላስገባ አለው። አንገቱን ይዤለት ነው ያለፈው። ግድግዳውን ተጠግቶ እየሄደ፣ እንዲህ ያለ ውሻ አይቼ አላውቅም አለ። እኔ ሙገሳ መስሎኝ ደስ አለኝ።

የሰቀለው ሲም ካርድ የሚገባበት ነጭ ሳጥን ነው። የበረቱ በር ሲከፈት ወይም ደጃፉ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ በስልኬ ይደውልልኛል። ደወለም፤ ውሻው ባለፈ ቁጥር ደወለ። ቅዳሴ አቋርጬ እየሮጥኩ ስመጣ ውሻው ጭራውን እየቆላ ይቀበለኛል። ሰውዬውን መልሼ ጠራሁት። ራሱን እየነቀነቀ፣ ውሻና አላርም አብረው አይሄዱም፣ ከሁለት አንዱን ይምረጡ አለኝ። ጉና ሥር በግ የሚያረቡ ዘመዶች አሉኝ፣ እዚያ ይጠቅማል ብሎም ውሻውን ራሱ በገመድ እየሳበ ወሰደው። እናቴ "ውሻ ሰጥተሽ ሳጥን ትገዣለሽ?" አለችኝ። የድሮ ሰው ናት ብዬ አለፍኳት።

ሳጥኑ አንድ ዓመት ያህል በደንብ ሠራ። ከዚያ ከተማው ውስጥ ፎርጂ ገባ ተባለ። ኮረብታው ላይ ያለው ማማ ላይ ሰዎች ሲወጡ ሲወርዱ ሰነበቱ፤ በስልክ ቪዲዮ ማየት ቀላል ሆነ፤ ሁሉም ደስ አለው፣ እኔንም ደስ አለኝ። ያ ሳጥን የሚያውቀው የድሮውን የቱጂ ኔትወርክ ብቻ እንደሆነ፣ ቱጂው ደግሞ በእኛ በኩል እየሳሳ፣ አንዳንድ ቀንም ጭራሽ እየጠፋ መሆኑን ማን ይንገረኝ? የሳጥኑ አረንጓዴ መብራት እንደሆነ እንደ ወትሮዋ ትበራለች።

የካቲት ላይ አንድ ጎረቤታችን ሞቱ። ለቅሶ የሚቀሩበት ነገር አይደለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ቤቱን ዘግቶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ሌባም ይህን ያውቃል። እኔና እናቴ በሩን ቆልፈን ወጣን፤ ስልኬን እጄ ላይ ይዤዋለሁ። ቀብሩ ላይ ደጋግሜ አየሁት፤ ዝም ብሏል። ዝም ካለ ደኅና ነው ብዬ ከሰው ጋር አለቀስኩ።

ስንመለስ ላሚቱ በዚያ ዓመት የወለደቻት ጥጃ ስትጮኽ ከመንገዱ ጫፍ ሰማናት። የግቢው በር ተገንጥሏል፣ ደጁ ላይ የጭነት መኪና ጎማ ተስሏል፣ ላሚቱ የለችም። ጥጃዋን ትተዋት ነው የሄዱት። ሳጥኑ አረንጓዴ መብራቱን እያበራ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ለፖሊስ አመለከትን። ሐሙሲት ገበያ ድረስ ሄጄ ከብት ተራው ውስጥ የላም ፊት ሳይ ዋልኩ። የለችም። ከዚያ ሳጥኑን ነቅዬ ወደ ሰውዬው ሱቅ ሄድኩ። አገላብጦ አየውና፣ ይሄማ የቱጂ ነው፣ ጊዜው አልፎበታል ብሎ ፎርጂ የሚቀበለውን አዲሱን ከመደርደሪያ አወረደልኝ። ጊዜው እንዳለፈበት መቼ እንዳወቀ ጠየቅሁት።

"ትልልቆቹ ደንበኞቼ ዘንድማ ቀድሜ ዞሬ ቀይሬላቸዋለሁ፤ ሆቴሎቹንም፣ ወፍጮ ቤቱንም" አለ። "እርስዎ ጋ ያለችው አንዲት ላም ናት ብዬ ነው እንጂ።"

አንዲት ላም! መደርደሪያውን ልገለብጥበት እጄ ተነስቶ ነበር፤ መልሼ ያዝኩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ብዬ የሞተ ሳጥኔን ይዤ ወጣሁ። ቤት ስገባ ደግሞ እናቴ አለች። በየጠዋቱ ማለቢያዋን ይዛ እስከ በረቱ በር ትሄድና ባዶውን ይዛው ትመለሳለች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አዲሱን አላርም ከእሱ እጅ ከምገዛ ብዬ ባሕር ዳር ወረድኩ። ባለ ሱቁን አደረቅሁት። ይሄ የሚቀበለው የትኛውን ኔትወርክ ነው? አንዱ ሲጠፋ ወደ ሌላው ይዞራል? መብራት ሲሄድስ? ኔትወርክ ቢያጣ እንደዚያኛው ዝም ብሎ ይሰቀላል ወይስ ይናገራል? ይሄኛው ኔትወርክ ሲያጣ ራሱ ይጮኻል ሲለኝ ገዛሁ። አገጣጠሙን እያሳየኝ ውሻ እንዳለን ጠየቀኝ። ነበረን፣ ግን ውሻና አላርም አብረው አይሄዱም አልኩት። ሳቀብኝ። እንቅስቃሴ የሚያየውን ሴንሰር ከውሻው ቁመት ከፍ አድርጎ መስቀል ነው፣ ሌላ ምን አለው አለኝ።

ሚኒባስ ውስጥ አዲሱን ሳጥን ታቅፌ፣ ሰውዬው ለምን ዋሸኝ እያልኩ ተመለስኩ። መልሱን ያገኘሁት በሳምንቱ፣ በእሱ ሰፈር ሳልፍ ነው። ከአንድ ግቢ ውስጥ ውሻ ጮኸ። ቡላው ሁለቴ ይጮኽና ሦስተኛውን እንደ ማልቀስ አድርጎ ይጨርሰዋል፤ ቡችላ ሳለ ጉሮሮውን አጥንት ወግቶት ነው። አንኳኳሁ። የሰውዬው ሚስት ከፈተች፤ አታውቀኝም። ውሻዬን አንገቱን ይዛዋለች። ወፍሯል፣ ፀጉሩ ያበራል፣ እኔን ሊበላኝ ይዘላል። ውሻ በበላበት ይጮኻልና አልፈረድኩበትም። የአላርም ነጋዴ ቤት ውሻ ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅኋት።

"እሱ ራሱ 'ኔትወርክ ምን ይታመናል፣ ውሻ ይሻላል' ይላል" አለችኝ በቅን ልቧ።

በቀሌን እዚያው ደጅ ላይ ቆሜ መረጥኩ። ክስ አያስፈልግም፣ ድንጋይም አያስፈልግም። ውሻዬን እመልሳለሁ፤ እሱም እንደ እኛ ባዶ ግቢ ይኑረው።

ውሻው ግን ረስቶኛል። ልቡን መመለሻው አጥንት ነው፤ ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው፤ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሁሉ ተዘግቷል። ስለዚህ ገበያው ዳር ካለው የእስላም ሥጋ ቤት እየገዛሁ፣ ከሥራ ስወጣ በሰውዬው በር ሥር ባለው ክፍተት አሾልክለት ጀመር። መጀመሪያ ጮኸብኝ። ከዚያ ዝም አለ። በኋላ ገና ከሩቅ ስመጣ አፍንጫውን በበሩ ሥር አውጥቶ ይጠብቀኛል።

ወሬው ግን ፈጠነ፤ በሁዳዴ ሥጋ ስትገዛ ታየች ተባልኩ። የንስሐ አባቴ እኛ ቤት ድረስ መጡ። አጥንቱ ለውሻ ነው አልኳቸው። እናንተ ውሻ አላችሁ እንዴ ሲሉኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። "ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው" አሉኝ።

"እኔ ሳል የለብኝም፣ አባ" አልኳቸው።

ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑት። ቂሙን ተይው ብለውኝ ሄዱ፤ አልተውኩትም።

ሆሳዕና ሲቃረብ በሰውዬው ሰፈር አንድ ትልቅ ሰው ሞቱ። ሰፈሩ ነቅሎ ለቅሶ ወጣ፣ እሱም ከነሚስቱ ወጣ። በውሻው ተማምነው ኖሮ በሩን በመወርወሪያ ብቻ ነው የዘጉት። እጄን አሾልኬ ከፈትኩት። ውሻው አልጮኸም፤ እጄን ልሶ ተከተለኝ። የሞተውን የቱጂ ሳጥን በበራቸው ላይ አንጠልጥዬላቸው ሄድኩ። ላሚቱ ከተሰረቀች ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ሳጥኑን ይዞ መጣ። አዲሱን አላርም የግቢው በር ላይ ገጥሜዋለሁና፣ በሩን ገፋ ሲያደርግ ስልኬ እጄ ላይ ጮኸ። ውሻው ሮጠበት፤ ደርሶ ግን አሸተተውና ጭራውን ቆላለት። ሰውዬው አንገቱን ያዘውና እኔን ይለማመጠኝ ጀመር። ሚስቴ ብቻዋን መዋል ፈራች፤ ፎርጂውን ሳጥን በነፃ ልስጥዎት፣ ራሴ ልግጠምልዎት፣ ውሻውን ግን ልውሰድ አለ። አፌን ስከፍት እናቴ ባዶ ማለቢያዋን እንደያዘች ከበረቱ በኩል መጣች።

"ላሚቱን አምጣና ውሻውን ውሰድ" አለችው።

ሰውዬው ማለቢያውን አየ። የውሻውን አንገት ለቀቀ። ፊቱን አዙሮ ወጣ፤ በሩን እንኳ አልዘጋውም። ውሻው እስከ በሩ ሸኘው፤ ከዚያ ጥጃዋ ስትጮኽ ተመልሶ በረቱ ደጃፍ ላይ ተኛ።

አላርሙ በሩ እስኪዘጋ ድረስ አያቆምም፤ ስልኬ መጮኹን ቀጠለ። እናቴ አጥፊው እንጂ አለችኝ። አላጠፋሁትም። ያን ቀን ቀብሩ ላይ ሊጮኽልኝ ይገባ የነበረውን ያህል ይጩህ ብዬ ተውኩት።