ሰሊጡን ማን ይስማው

በእኛ ቤት ዘመድ የሚሰበሰበው ለፋሲካ አይደለም። ለፋሲካ ሁሉም በየቤቱ ዶሮውን ያርዳል፣ ስልክ ይደውላል፣ በቃ። እኛ የምንሰበሰበው ኅዳር ላይ፣ ሰሊጥ በሚረግፍበት ቀን ነው። ከጎንደር፣ ከአብደራፊ፣ ከገንዳ ውሃ ተጠራርተን ሽንፋ አጠገብ ወዳለው የአያቴ እርሻ እንወርዳለን። እርሻ የሚኬደው ለሥራ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ የእኛን ቤተሰብ አላየም ማለት ነው። ከምንመጣው ውስጥ ግማሹ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሌላውን የሚያዝ ነው። እኔም ከነሱ ነኝ። ጎንደር ልብስ እሰፋለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ መኪና ላይ አቀርቅሬ ስለምውል፣ እዚያ ስሄድ ተንፈላስሶ መቀመጥ መብቴ ነው።

አያቴን ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ለአንድ አጨዳ ብለው ከጎጃም ወርደው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ያስቀሯቸውም እምዬ ናቸው፣ ሴት አያቴ፣ የአርማጭሆ ልጅ። አባባ የልጅ ልጅ ልጅ ካዩ በኋላ እንኳ «ይሄ ሙቀት ካልበረደ አገሬ እገባለሁ» ይላሉ። እምዬም «መንገዱ ያውልዎ፤ ማን ያዘዎት?» ይሏቸዋል። ይህን ጭውውት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ አንድም ቃል ተለውጦበት አያውቅም።

ሰሊጥ እንደ ማሽላ ታጭዶ የሚወቃ እህል አይደለም፤ አመለኛ ነው። ከታጨደ በኋላ በነዶ በነዶ ይታሰርና እርስ በርሱ ተደጋግፎ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ይህን ክምር ሂላ እንለዋለን። ፀሐይ ሲመታው ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ከላይ አፉን ይከፍታል። ያኔ ሸራ ይነጠፍና ነዶው ተዘቅዝቆ ይረገፋል። የቸኮለ እንደሆነ ፍሬው ቅርፊቱ ውስጥ ተጣብቆ ይቀርበታል። የዘገየ እንደሆነ ደግሞ ነፋስ ቀድሞት መሬት ላይ ያረግፈዋል፤ መሬት የወደቀ ሰሊጥ የጉንዳን ነው።

ቀኑን የሚያውቁት አባባ ናቸው። አንድ ነዶ ቀጥ አድርገው ይይዙና ጆሯቸው ሥር ቀስ ብለው ይነቀንቁታል። እምዬ ፊት ለፊታቸው ቆመው የነዶውን እግር ደገፍ ያደርጉላቸዋል። ሌላው ሁሉ ዝም ይላል። የደረሰ ሰሊጥ ውስጡ ይንሿሿል፤ ያልደረሰው ድምፅ የለውም። አባባ ጥቂት ያዳምጡና ወይ «ገና ነው» ይላሉ፣ ወይ «ይርገፍ» ይላሉ። «ይርገፍ» ካሉ እልልታው ይቀልጣል፣ ሠራተኛው ይነሣል፣ ልጆች ሸራው ላይ ሲዘሉ እየተባረሩ ይውላሉ፣ ፍየል ይታረዳል። እሳቸው ሳይሉ ግን ማንም፣ እርሻውን የሚመራው ትልቁ አጎቴም ቢሆን፣ አንድ ነዶ አይነካም።

አምና ይህ ሁሉ ተበላሸ። እኔ አልነበርኩም፤ እምዬ ለዓይናቸው ሕክምና ጎንደር እኔ ቤት ስለነበሩ እሳቸውን ይዤ ቀርቻለሁ። የሰማሁት በስልክ ነው። አባባ ነዶውን ጆሯቸው ሥር ይዘው «ገና ነው» አሉ። ሰንበት ብለው ተመልሰው መጡና አሁንም «ገና ነው» አሉ። አጎቴ ቅርፊቱ አፉን ከፍቶ በዓይኑ እያየ ጥርሱን ነክሶ ቻለ። በመጨረሻ ነፋስ ተነሣና ከሰሊጡ ብዙው መሬት ላይ ቀረ። የአባባ ጆሮ እንደደከመ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ሰው የሚያወራው እየጮኸ ነው። ግን የሰሊጡ ነገር ሌላ ነው ብለን ነበር የምናምነው። ሰው ባይሰሙም ሰሊጥ ይሰማሉ ብለን።

ዘንድሮ እንደደረስኩ ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ አጎቴ ወደ ትራክተሩ ተሳቢ ጀርባ ጠራኝ። ከአብደራፊ የመጣችው አክስቴ፣ ታናሽ እህቱ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ፀባቸው የቆየ እንደሆነ ከፊታቸው ያስታውቃል።

«ዘንድሮ ይርገፍ የምል እኔ ነኝ» አለ አጎቴ። «አባባ ከመምጣታቸው በፊት አስጀምራለሁ። እንደ አምናው ከሆንን ትራክተሩን ሸጠን ቁጭ ነው።»

«አባቴ በዓይናቸው እያዩ ሌላ ሰው ይርገፍ ያለ ቀን የሚቀበሩት ያን ቀን ነው» አለች አክስቴ። «ይህችው ናት የቀረቻቸው። በሬውን ወሰድህ፣ ትራክተሩን ወሰድህ፣ ቃላቸውን እንኳ ተውላቸው እንጂ።»

«ታዲያ አይሰሙማ!»

«ለእሳቸው ማን ነገራቸው? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

ይህን ሁሉ በምሥጢር ነበር የሚያወሩት። ችግሩ ግን የእኛ ቤት ሰው ለአባባ ሲጮኽ ኖሮ ማንሾካሾክ ረስቷል። ሠራተኞቹ የኩርኩራው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል፤ አንዱ እንዲያውም አክስቴን ደግፎ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ እኔን ያናደደኝም እሱ ነው። አንዱ ቢያጠፋ ኖሮ ተቆጥቼ እገላገል ነበር። አጎቴ ዓመት የለፋበት እህል ነው። የአባባን ፊት ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ያን ቃል ሲናገሩ የሚበራውን ፊት። በመጨረሻ መላ ያመጣችው አክስቴ ናት። አባባ ነዶውን ሲያዳምጡ አንድ ሰው ከኋላቸው ይቆማል፤ ሰሊጡ ከተንሿሿ በጣቱ ወገባቸውን ነካ ያደርጋል። እሳቸው ይገባቸዋል፣ ይርገፍ ይላሉ፣ ማንም አያውቅም።

«ማን ነው የሚነካቸው?» አልኩ።

«አንቺ ነሻ» አለች። «ካንቺ የባሰ ዓይነ ደረቅ ከየት ይምጣ?»

አጎቴ ራሱን እያከከ «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» አለና ሄደ። እሺ ማለቱ ነበር።

አባባና እምዬ ፀሐይ ሳይበረታ በፒክአፕ መጡ። እምዬ ዓይናቸው ድኗል፤ አሁን ያስቸገራቸው ጉልበታቸው ነው። የፕላስቲክ ወንበር ይዘንላቸው ጥላ ሥር አስቀመጥናቸው። ዓይናቸው መዳኑ ለእኛ ጥሩ አልሆነም፤ የማይታይ ነገር ጠፋ። አንዷን «ሆድሽ ገፋ ብሏል፣ ደብቀሽን ነው?» አሏት። እኔን «ከሳሽ። ጎንደር እህል አይበላም?» አሉኝ። ፀጉሩን የተቆረጠውን የአክስቴን ልጅ አገላብጠው አይተው «ለዚህ ከፍለህ ነው?» ብለው ጠየቁት። እሱም ሳቀ፣ ጉልበታቸውን ሳመ። አዲስ የተወለደችውን የልጅ ልጅ ልጃቸውን አባባ ታቅፈው ግንባሯ ላይ እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁ። ሕፃኗ ጢማቸውን ጨብጣ አልለቅ አለች፤ እሳቸውም አላስለቀቋትም። ወጣቶቹ ይህን በስልክ ቀርፀው ለመላክ ሲሞክሩ ስልኩ ሁሉ የሱዳን ኔትወርክ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ከርከዴ በጆግ ዞረ። ከደረቀ ባሚያ የተሠራ ወይካ ከማሽላ እንጀራ ጋር ቀረበ፤ ማለዳም ቢሆን በልተን ጨረስነው። እንዲህ ባለ ሰዓት ደስታዬን የምደብቅበት ምክንያት አይታየኝም፤ ከዚያ የሚሻል ቦታ በዓለም የለም ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ አጎቴ ለሠራተኞቹ «ያላ» አለና ሸራው ተነጠፈ። አባባ ዱላቸውን ለአንዱ ሰጥተው ወደ ሂላው ሄዱ። እምዬ ከወንበራቸው ሊነሡ ሲሉ የአጎቴ ሚስት «አይነሡ፣ እምዬ፣ የነዶውን እግር እኔ እይዝልዎታለሁ» አለች።

«አንቺ አትይዥውም» አሉ እምዬ። «ወንበሬን ወደዚያ ውሰዱልኝ።»

ለምን እንዲህ እንደሚያጠብቁት አልገባኝም ነበር፤ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። ወንበሩን ሂላው አጠገብ አደረግንላቸው። አባባ ነዶውን አነሡ፣ እምዬ ተቀምጠው እግሩን ያዙ። እኔ ከኋላ ቆሜ ጣቴን አዘጋጀሁ። አጎቴ ሸራው ዳር እጁን አጣምሮ ቆሟል። አክስቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አልለየሁትም።

አባባ ነዶውን ነቀነቁ። ተንሿሿ። እኔ ከኋላ ሆኜ እንኳ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ቶሎ ብዬ ወገባቸውን ነካ አደረግሁ። አባባ ዝም። አልገባቸውም ብዬ ጠንከር አድርጌ ወጋኋቸው። አሁንም ዝም። በሦስተኛው ኩላሊታቸውን ሳላገኘው አልቀረሁም፤ ዞር አሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ምን ይወጋሻል አንቺ ልጅ?»

ጣቴን ከኋላዬ ደበቅሁ። ዓይነ ደረቅነቴ የት እንደገባ እንጃ። አባባ ወደ አክስቴ አዩ፣ ወደ አጎቴ አዩ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አዩ። ሁላችንም መሬት መሬት እናያለን። ለመስማት እንጂ ለማየት እኮ ምንም አልጎደላቸውም።

«ገባኝ» አሉ። «ተይው፣ ልጄ፣ አትድከሚ። ይሄ ሥራ ባለቤት አለው።» ነዶውን ወደ እምዬ ጠቆሙ። «የኔ ጆሮ ከሄደ ስንት ዘመኑ። ሰሊጡን የምትሰማው እሷ ናት። ስትሰማው አገጯን ዝቅ ታደርጋለች፣ እኔ እናገራለሁ።»

እኔ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ከሌሎቹ ልጆች ጋር ከአባባ ጀርባ ቆሜ ስላይ የኖርኩት የአባባን ትከሻ ነው። ዓይናቸው የት እንደነበር አይቼ አላውቅም።

አጎቴ ቀስ ብሎ «አምናስ?» አለ። አባባ ከአፉ ላይ አነበቡት።

«አምና እሷ ጎንደር ነበረች» አሉ።

«ታዲያ ምነው አይነግሩንም ነበር?»

ለዚህ የመለሱት እምዬ ናቸው። «ምን ብለው ይንገሩህ? ሚስቴ ካልመጣች እህሉን አላውቅም ይበሉህ? ከሠራተኛው ፊት?»

አጎቴ ዓመቱን ሙሉ ያጉረመረመውን ሁሉ ያሰበ ይመስለኛል። ሸራውን ረግጦ መጣና ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጉልበት ሳመ፤ «ይቅር ይበሉኝ» አለ። አባባ ቁልቁል አዩት።

«ምን ጠፋብህ?» አሉ። «የትራክተሩን ቁልፍ ጣልኸው?»

መጀመሪያ የሳቀችው አክስቴ ናት። ከዚያ ሠራተኞቹ፣ ከዚያ ሁላችን። አጎቴም ጉልበታቸውን እንደያዘ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መሳቁ ብቻ እንዳልነበረ ፊቱን ቀና ሲያደርግ አየሁ። እኔም አልቃሻ አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን አለቀስኩ፣ በሻሼ ጫፍ ጠረግሁት። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ጆሮ ለሁለት ተካፍለው ሲኖሩ፣ ከመካከላችን አንድም ያየ አለመኖሩ እስካሁን ይገርመኛል።

አባባ ነዶውን አንሥተው ለእምዬ ሰጧቸው፤ እግሩን ሳይሆን ሙሉውን። እምዬ ጆሯቸው ሥር አቆሙት። ነቀነቁት፣ አዳመጡ። ደግመው ነቀነቁት። ተንሿሽቶ አልቋል፤ ሁላችንም ሰምተናል። እሳቸው ግን አልቸኮሉም። አጎቴ አንድ እግሩን አንሥቶ ሌላውን ያሳርፋል። አባባ ዓይናቸውን ከእምዬ ፊት አልነቀሉም፤ አገጫቸው ዝቅ እስኪል እየጠበቁ አፋቸውን አዘጋጅተዋል።

እምዬ አገጫቸውን ዝቅ አላደረጉም።

«ዘንድሮስ በራሴ አፍ ነው» አሉ።

ነዶውን አቅፈው፣ አባባን ፊት ለፊት እያዩ፣ በዚያ ቤት ለአባባ ጮኸን የምናውቀውን ጩኸት ሁሉ በሚያስንቅ ድምፅ «ይርገፍ» አሉ። ሽንፋ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

አባባ እጃቸውን ዘርግተው ነዶውን ተቀበሉ።

«ሰማሁ እኮ» አሉ። «ምን ያስጮኽሻል?» እና ሸራው ላይ ዘቀዘቁት።