ለንጹሕ ደረት የተገባ ስለት

አቶ አስፋው አብነት ሰፈር ሶፋ ሲሠሩ የሸበቱ ሰው ናቸው። ሥራ ፈት አይወዱም፤ ሐኪም ቤት ደግሞ በፈቃዳቸው ሄደው አያውቁም። ባለፈው ኅዳር ወንበር ተሸክመው ሲወርዱ ወድቀው ጎናቸውን ባይመቱ ኖሮ ሲቲ ስካን አጠገብ ባልደረሱ ነበር። የጎድን አጥንታቸው ደህና ሆኖ ተገኘ፤ ሳንባቸው ላይ ግን ትንሽ እብጠት ታየች።

እሳቸው ልብሳቸውን ሲለብሱ ሐኪሙ ልጃቸውን ሰብለወንጌልን ወደ ኮሪደር ጠራት። «የድሮ ጠባሳ ልትሆን ትችላለች፤ ካንሰርም ልትሆን ትችላለች። ለእንዲህ ያለ እብጠት ያለን የሕክምና መመሪያ የተጻፈው በውጭ አገር ሕመምተኞች ላይ ተጠንቶ ነው። የሳንባ ነቀርሳ በበዛበት በኛ አገር ስንቷ ጠባሳ፣ ስንቷ ክፉ እንደሆነች ገና በቅጡ አላጠናንም። በሦስት ወር አምጪያቸውና ማደግ አለማደጓን እንይ» አላት።

እኛ ደግሞ ክፉ ወሬን ለባለቤቱ መጨረሻ ላይ የምንነግር ሰዎች ነን። ርኅራኄ እንለዋለን እንጂ ግማሹ ፍርሃት ነው። ሰብለም «ደረትዎ ንጹሕ ነው አሉ፣ አባባ» አለች።

ደረቱ ንጹሕ የተባለን ሰው ታዲያ ምን ብላ ወደ ሐኪም ቤት ትመልሰው? የቀጠሮው ወር የካቲት አለፈ። አንድ ቀን «ምርመራውን እንድገመው» ብትላቸው «ጤና የሰጠኝን አምላክ አልፈታተንም» ብለው ሳቁባት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሳቸው የደበቁት የለም፤ የደበቀችባቸው እሷ ናት። ሲያስሉ በሰማች ቁጥር ያለፉትን ወራት ትቆጥራለች።

የግንቦት ልደታ ዕለት ጠዋት ኮንዶሚኒየሟ ደጅ ላይ ነጠላ ለብሰው፣ ዘርፍ ያለው አዲስ ጃንጥላ ይዘው ቆመው አገኘቻቸው። «ደረቴን ንጹሕ ካደረግሽልኝ ብዬ ለልደታ ተስዬ ነበር። ነይ፣ ጃንጥላውን አብረን እናግባ» አሏት።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርሱ ክንዳቸውን ይዛ አስቆመቻቸው።

«አባባ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ሳንባዎ ላይ እብጠት አለ። በሦስት ወር ይምጡ ብለው ነበር፤ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።»

አቶ አስፋው የጃንጥላውን ዘርፍ አስተካከሉ።

«የኔስ ይሁን፤ ሰኞ እንሄዳለን። ግን ላልሆነልኝ ነገር ስንት ወር ሙሉ ልደታን ሳመሰግን ከረምኩ። አንቺም ቆመሽ ታዪኝ ነበር።»

ጃንጥላውን ሰጧት። «አንቺ አግቢው» ብለው ከአጥሩ ሥር ተቀመጡ።

ሰብለ አንገቷን ደፍታ ገባች። ስለቷ የሠመረላት መስሏቸው ሴቶቹ እልል አሉላት፤ አንዷም «እንኳን ደረሰልሽ» ብላ ጉንጯን ሳመቻት።