የተጠጋው ወንበር

ሰውየው አላማረኝም። ስፖርት መኪናዋን አስጎትቶ ጋራዤ ካስገባ ጀምሮ አጠገቤ ቆሞ እጄን እጄን ያየኛል። ጃኬቱ ውድ ነው፤ ክርኑ ላይ ግን ተበልቷል። ሊሸጣት እንደሆነ ነግሮኛል። ሻጭ ገዢ ሳይመጣ ሞተር አሙቆ ድምፁን ይደብቃል፤ ይሄ ግን ቀዝቃዛውን አስነስቶ፣ «ይኸው፣ ያንኳኳል አይደል?» ይለኛል፣ ልጁ አፉን የፈታለት ይመስል ደስ ብሎት።

ደግሞ ቁመቱ! የመብራት ምሰሶ የሚያህል ሰው ነው፤ የሹፌሩ ወንበር ግን መሪው ላይ ተለጥፏል። ሲገባ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አይቀረው። የሰው መኪና ናት አልኩ በልቤ። ወንበሩን ወደ ኋላ ልገፋ እጄን ስሰድ ክንዴን ለቀም አደረገኝ።

«ተው ወንድሜ! እሷ እንዳስተካከለችው ይሁን።»

«ማን?»

«ባለቤቴ።» ፊቱን አዞረ። «ወንድሞቿ ሐዘኑ ይብቃህ፣ መኪናዋን ሽጣት እያሉ ይዘውኛል።»

ሞተሩን አጠፋሁ።

«ሳትጠገን ገዢ ታገኛለች?» አለኝ።

«በዚህ ድምፅ? ማንም ዞር ብሎ አያያትም።»

ያን ጊዜ ፈገግ አለ፤ ስልኩን አውጥቶ ደወለና ጆሮዬ ላይ ለጠፈልኝ።

«በል፣ ይህንኑ ለታላቅ ወንድሟ ንገርልኝ።»