በምርቃት መሃል የተጫንኩት ቁልፍ

የአባቴ ታላቅ ወንድም ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው የሚኖሩት። አያ እላቸዋለሁ። በአካባቢያቸው ሠርጉም ክርስትናውም ያለ እሳቸው ምርቃት አያልቅም፤ ከጀመሩ ደግሞ እግር እስኪዝል ነው። እሳቸው ሲመርቁ ሰው ሁሉ ተነሥቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ "አሜን" ይላል እንጂ ማን ደፍሮ ይቀመጣል!

ባለቤታቸው ባለፈው ክረምት አረፉ። ድምፃቸው የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ልጃቸው ስትዳር እኔ በስልኬ የቀረጽኩት ቪዲዮ ላይ። ሙሽራዋን አቅፈው፣ "ሂጂ እንግዲህ፤ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ማንን ልቆጣ?" ሲሉ ይሰማል። የአያ ስልክ ከመደወል በቀር ሌላ አያውቅም። ስለዚህ ለጉዳይ ጎንደር በወረዱ ቁጥር ማራኪ ሰፈር ወዳለችው የኪራይ ቤቴ ጎራ ብለው፣ ኮምፒውተሬ ፊት ይቀመጡና "እስቲ ክፈታት" ይላሉ። "ክፈተው" ብለው አያውቁም።

አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ሲያንቋርር ሰምተው ደነገጡ። "ምነው፣ ይሄ ነገር ሊሞት ነው እንዴ? አደራህን ልጄ፣ እሷን እንዳታጠፋብኝ።"

"ኧረ አያ፣ ምን ሆነዋል! ሁለተኛ ዲስክ እገዛለሁ። ያንዱን ሌላው እንደ መስታወት ይይዘዋል፤ አንዱ ቢሞት አንዱ አለ" አልኩ። ኮምፒውተር አስተማሪ ነኛ! ጉራዬ ልክ አልነበረውም። እንዲያውም ዲስኩን ገዝቼ፣ ስገጥመው ይዩልኝ ብዬ ቅዳሜ ጠራኋቸው። ስልኬንማ "ኮምፒውተር ላይ አለ" ብዬ አስቀድሜ አጽድቼዋለሁ።

አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው ጋር በሥሪትም በመጠንም አንድ ነበር። ኮምፒውተሩ የትኛው ወደ የትኛው እንደሚገለበጥ ጠየቀኝ። ሁለቱም በአንድ ስም ተጽፈዋል፤ የሚለዩት በመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሯን ለማንበብ ጎንበስ እንዳልኩ አያ ከኋላዬ ብድግ አሉ።

"እንዲህ ያለ ነገርማ ሳይመረቅ አይጀመርም!"

ጀመሩ። ጀርባዬን ሰጥቼ ልቀመጥ? አይደረግም። "አንዴ ይቆዩኝ" ማለት እችል ነበር፤ ምላሴ እምቢ አለኝ። የተመረጠውን ሳላይ "እሺ" የሚለውን ተጫንኩና ተነሥቼ እጄን ዘረጋሁ።

"ያኖርከውን አያሳጣህ!"

"አሜን።"

"የሰበሰብከውን አይበትንብህ!"

"አሜን።"

"እጅህን ይባርክልህ!"

"አሜን!"

ባዶው ዲስክ በሞላው ላይ ይገለበጥ ነበር። እኛ ምሳ በላን፣ ስንጫወት ዋልን። አመሻሹ ላይ ሥራው አለቀና አያ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው "እስቲ ክፈታት" አሉኝ። ከፈትኩ፤ ምንም የለም። ሁለቱም እኩል ባዶ ናቸው። ወይኔ! "መብራቱ ሲቆራረጥ አበላሸው፤ ይስተካከላል" ብዬ ዋሸሁ። እሳቸውም "ግድ የለም፣ መቼም ይቺ አንተን አታቅትህም" ብለው ሄዱ።

ፒያሳ ያለው የኮምፒውተር ጠጋኝ ዲስኮቹን አገላብጦ አየና፣ "ወንድሜ፣ የተሰረዘ ብቻ ቢሆን ይመለስ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ሌላ ተጽፎበታል" አለኝ። ተስፋዬ እዚያው አለቀ።

አያ ሲመለሱ ነገርኳቸው። አነጋገሬን ባሰብኩት ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ። "አያ፣ አንቱ ሲመርቁ ልነሣ ብዬ ስቸኩል ነው የጠፋው" አልኳቸው። ምን ነክቶኝ ነው? ቁልፉን የተጫነው የእኔ ጣት አይደለም?

"ሁለቱም?" አሉ።

"ሁለቱም።"

"ታዲያ ሁለት መሆኑ ምን ረባት?"

ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ሲያዟዙሩ ቆዩ። ከዚያ፣ "እኔ ነኛ ያጠፋኋት። ምርቃቴ አስቸኮለህ፤ ይቅር በለኝ ልጄ" አሉ። ያን ጊዜ እግራቸው ላይ ወድቄ "አይደለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት፤ ሸክሙን ሌላ ሰው አነሣልኝ። አደራ በላሁ፤ ዕዳውን ደግሞ ለአደራ ሰጪው አሸከምኩት። እፍረት ማለት ይሄ ነው።

በቅርቡ ያቺ የቪዲዮው ሙሽራ ሴት ልጅ ወለደችና ለክርስትናው ወጣሁ። ከተበላ በኋላ ሰው እንደ ወትሮው ተነሥቶ እጁን ዘረጋ፤ እኔም ዘረጋሁ። አያ ቆሙ።

"እግዜር ያሳድጋት" አሉና ተቀመጡ።

ሰው የቀረውን ይጠብቃል። ቀጣይ የለም። አንዲት ጎረቤት "ምነው አያ፣ አመመዎ እንዴ?" አለቻቸው።

"ደህና ነኝ፤ የሰው ሥራ እንዳላስፈታ ብዬ ነው" አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

ሰዉ አንድ በአንድ ተቀመጠ። እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ።